ጫፉ ያለቀ ዱላ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሊነገር የሚገባው መሆኑን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። አብረውኝ በአንድ ክፍል የሚኖሩት የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ትውልድ ቦታቸው ሲያወሩ እኔ ዝም እላለሁ። አንዱ ወንድሙ ጦር ሜዳ የቀረበት ነው። ሌላው አባቱ የት እንደታሰረ ሳያውቅ ዓመታት የኖረ ነው። የእኔ ግን የአንድ ጉልበት ነገር ነው። በጉልበት የሞተ ሰው የለም፣ የታሰረም የለም፤ ጉልበቱን ያመመው ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ።

ይሁን እንጂ ስለ በሽተኛ የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልብኛል። በሽተኛው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ከነህመሙ ነገም ተነስቶ፣ ከነገ ወዲያም ተነስቶ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ስለሚውል ሰው ግን ብዙም አልተጻፈም። ስለዚህ የማስታውሰውን ብቻ፣ ሳልጨምር፣ በጥንቃቄ ልጽፍ እሞክራለሁ። ከረዘመ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ቤታችን በራያ፣ ከሮቢት ከተማ ወደ ምሥራቅ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬደው ሜዳ ላይ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ትኩሳት ያዘኝ። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ፤ ግራ ጉልበቴ ውስጥ የገባው ነገር ግን አልወጣም። አንዳንድ ጊዜ አጥንቱ እስኪጠፋ ድረስ ያብጣል። አንዳንድ ጊዜ እብጠቱ ይጎድልና ውስጥ ውስጡን የሚቦረቡረው ነገር ያለ ይመስላል። ጸበል ተጠመቅሁ። ወጌሻ አሸኝ። አንድ ሽማግሌ በጋለ ብረት ተኮሱኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። በመጨረሻ እናቴ ቆቦ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ድሬሰሩ ጉልበቴን በሁለት እጁ ይዞ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ፊቴን አየ።

«መቼ ይድናል?» አለችው እናቴ።

«እማማ፣ ይህ እንደ ወባ አይደለም። ወባ ይነሳል፣ ይለቃል። ይህኛው ቤት ሠርቶ የሚቀመጥ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ልጄ?»

«አብሮት ይኑራ! ሲብስበት መርፌ እወጋዋለሁ። ብርድ ላይ እንዳይተኛ። ውሃ ውስጥ እንዳይቆም።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ ሳቀች። ደስ ብሏት አልነበረም።

«ውሃ ውስጥ እንዳይቆም ይላል! ለመሆኑ ይህ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው? እኛ ጎርፍ ውስጥ ሳንቆም ምን እንበላለን?»

እውነቷን ነው። በእኛ ሜዳ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። ዝናቡ በምዕራብ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ይጥልና ጎርፉ በደረቁ ወንዝ ወደ እኛ ይወርዳል። እኛ ደግሞ ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ ድንጋይና አሸዋ ከምረን ወንዙ ላይ መጥለፊያ እንሠራለን፤ ውሃውም በቦይ ወደ ማሳ ይገባል። ጎርፉ ትልቅ ሲሆን መጥለፊያውን ይዞት ይሄዳል፤ በማግስቱ እንደገና ይሠራል። ማሳዎቹ ተራ አላቸው። ተራውን የሚጠብቁት የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከየቤቱ አንድ ወንድ አካፋ ይዞ መጥለፊያውን ለመሥራት መውጣት አለበት። የቀረ ቤት ተራው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። በአንድ ክረምት ደህና ጎርፍ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ መሆንና ጭራሽ አለመኖር አንድ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አባቴ ሞተ። የገደለው ያ «ይለቃል» የተባለው ወባ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ የገበሬ ማህበሩ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ የእናቴን ጉዳይ አነሱ።

«የሟች ባለቤት በአቅመ ደካሞች መዝገብ ትግባ። ማህበሩ በደቦ ያርስላታል፤ ለጎርፉም የሚቆምላት ሰው ይመደባል። ተቃዋሚ አለ?»

ተቃዋሚ አልነበረም። ከእኔ በቀር። ሰው ደስ እንዲሰኝብኝ አብዝቼ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ይህ ጠባይ ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም። ያን ቀን ጉልበቴ ሻል ብሎት ነበር። ተነሳሁና፦

«ቤታችን ወንድ አለው። እኔ አለሁ» አልኩ።

«ጎሽ! የአባቱ ልጅ!» አሉ ሰዎች። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችውን እናቴን ስመለከት ግን ፊቴን ሳይሆን ጉልበቴን እያየች ነበር።

ስህተቴ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ በሸንጎ ፊት «ወንድ አለን» ያለ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ «የለንም» አይልም። እናቴም ብትሆን ተመልሼ እንድናገር አልፈለገችም። «አንድ ጊዜ ሰንካላው ካሉህ ስምህን ይረሱታል። ነገ ማን ልጁን ይሰጥሃል?» አለችኝ። ስለዚህ ሁለታችንም ሳንማከር መደበቅ ጀመርን።

የረዳን የአባቴ ዱላ ነው። በራያ ዱላ ያልያዘ ወንድ ልብሱን ረስቶ የወጣ ያህል ይቆጠራል። ወንዶቹ አንገታቸው ላይ በአግድም ይጥሉትና ሁለት እጃቸውን ወዲህና ወዲያ አንጠልጥለውበት ይሄዳሉ። መሃሉ በላብና በቅቤ ብዛት መስተዋት ይመስላል። ስለዚህ እኔ ዱላ ይዤ ስሄድ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ሰው አልነበረም። ብቻዬን ስሆን እመረኮዘዋለሁ፤ ሰው ብቅ ሲል አንስቼ አንገቴ ላይ እጥለዋለሁ። ዱላው ከመሬት ተነስቶ አንገቴ ላይ እስኪደርስ ያለችው አንዲት እርምጃ ከሁሉ ትከብደኝ ነበር። ሰውነቴ በሙሉ በግራ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ፈገግ ብዬ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት አለብኝ።

ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ አይታጠፍም። እናቴ ከእኔ ቀድማ ትነሳና ጨው በምጣድ አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ታስይዘኛለች። ጨው እስኪበርድ አንነጋገርም። ስነቃ ከመንቀሳቀሴ በፊት ጉልበቴን አዳምጣለሁ፤ አንድ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ዝም ብሎ እንደሚያዳምጥ። ህመሙ ገና ከጠዋቱ ከመጣ የቀኑን ልክ አውቀዋለሁ። የሚያስፈራኝ ዝም ያለበት ቀን ነበር። ዝም ሲል ደህና የሆንኩ ይመስለኝና እሮጣለሁ፣ እሸከማለሁ፤ በማግስቱ ይይዘኛል። ስለዚህ ደህና በሆንኩበት ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አላውቅም።

ቆቦ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። እግሬን ወደ መተላለፊያው እንድዘረጋ ሁልጊዜ የረድፉ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ባንዲራ ሲሰቀል በቀኝ እግሬ ብቻ መቆምን ተምሬአለሁ። ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ስመለስ፣ ከመኪና ወርጄ ሜዳውን ሳቋርጥ፣ በየመቶ እርምጃው መቆም ያስፈልገኛል። ምክንያት ያሻል። አንድ ጊዜ ጫማዬን አስራለሁ፤ ሌላ ጊዜ ዘወር ብዬ ወደ ምዕራብ ተራሮች ደመና አያለሁ። ደመና ማየቴን ሰዎች አስተዋሉት።

«ተማሪው፣ ዛሬ ጎርፍ አለ?» ይሉኛል።

«ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል» እላለሁ።

ሁለት ጊዜ ገጠመልኝ። ከዚያ በኋላ ደመና አዋቂ ተባልኩ። እናቴ ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ያን ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ስብሰባ ግን የሚያመልጡት ነገር አልነበረም። በእኛ ቀበሌ ስብሰባ የሚደረገው ትልቅ ግራር ሥር ነው። ንግግር ወደ ጠብ እንዳይሄድ ከድሮ ጀምሮ ሁሉም ወንድ ዱላውን ግንዱ ሥር ከምሮ ነው የሚቀመጠው። ከክምሩ እስከ መቀመጫው ሃያ እርምጃ ያህል ነው። እኔ ከሁሉም ቀድሜ እመጣና ክምሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሲያልቅም ከሁሉም በኋላ እነሳለሁ። «ምን ያህል ስብሰባ የሚወድ ልጅ ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የመረረው በ1973 ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። በሐምሌ የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ሲወርድ ከላይ ካለው ማሳ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ተራው የእኛ ነበር። አካፋ ይዤ ማሳችን አፍ ላይ ገባሁ። ውሃው ጭቃ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ተራራውን አብሮ ያመጣው ይመስላል። ቦዩን እየከፈትኩ፣ አፉ እንዳይሰፋ አፈር እየመለስኩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ግራ እግሬ የራሴ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የውሃ አባት በዳሩ መጡ። የረመዳን ጾም ላይ ስለነበሩ ከንፈራቸው ደርቋል።

«በቃ ልጄ፣ ማሳህ ጠጥቷል። ዝጋና ውጣ።»

ዘጋሁ። መውጣት ግን አልቻልኩም። ጭቃው እግሬን ይዞት፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ቀረሁ።

«ትንሽ ልየው አባቴ። እርስዎ ይሂዱ።»

«ምኑን ነው የምታየው? ውሃው አልፏል እኮ!»

«እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው።»

አልሄዱም። በመጨረሻ አካፋዬን መሬት ላይ ተክዬ፣ በእሱ ተንጠልጥዬ ወጣሁ። እሳቸው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬት ያዩ ነበር። ዳሩ ላይ ተጋድሞ የነበረውን ዱላዬን አንስተው ሰጡኝ፤ ከመስጠታቸው በፊት ግን እጃቸው ላይ ትንሽ አቆዩት።

በማግስቱ ጉልበቴ እንደ ቅል ሆነ። ያ ጎርፍ መጥለፊያውን ይዞት ስለሄደ ሰዉ ሁሉ ለሥራ ወጣ። እኔ አልወጣሁም። ሁለተኛውም ቀን አልወጣሁም። እናቴ ለሚጠይቋት «ለትምህርቱ ጉዳይ ቆቦ ሄዷል» አለች። እኔ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ተኝቼ ነበር፤ ህመሙን የምረሳበት ሌላ ዘዴ ስላልነበረኝ መጽሐፍ አነብ ነበር። በሦስተኛው ቀን የጠፋች ጥጃ ሲፈልግ የመጣው ጎረቤታችን እዚያው አገኘኝ። ማሳው ከእኛ በታች ነው፤ በተራም ከእኛ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ክንዱ እስከ ትከሻው በጭቃ ተለስኗል።

«ቆቦ እዚህ ነው እንዴ?» አለኝ።

መጽሐፉን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«እኛ ጭቃ እንብላ፤ አንተ ወረቀት ብላ! አይ ተማሪ!»

በዚያው ሳምንት ወሬው ተዳረሰ። ተማሪው ሥራ ንቋል ተባለ። ተማሪው እጁ እንዳይሻክር ይፈራል ተባለ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«ሰነፍ አሉህ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«ይበሉኝ። ሰነፍ ይሻላል።»

«ከምን?»

ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ሳብኩበት።

ሰነፍነት ያልፋል፤ ነገ ሠርቼ ላሳያቸው እችላለሁ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ማሽላው መጠውለግ ጀመረ። ሁለተኛ ውሃ ካላገኘ እንደማያፈራ ማንም ያውቃል። እናቴ ጠዋትና ማታ ማሳው ዳር ሄዳ ትቆማለች፤ ቅጠሉን በጣቷ ትዳብሰዋለች፤ ተመልሳ ጨው ታሞቃለች። እህል ከሌለ እሷም እዚያ የምትኖርበት፣ እኔም ቆቦ የምማርበት አልነበረም። የቀረን ተራችን ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ስለቀረሁ እሱንም ሊወስዱብን ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባው የቡሄ ማግስት ነበር። እንደ ልማዴ ቀድሜ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ጉልበቴ ግን አላስነሳ አለኝ። ስደርስ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ዱላዬን ክምሩ ላይ አኖርኩ። ክምሩ አጠገብ ቦታ አልነበረም፤ ባዶ የነበረው ከወዲያ ማዶ ብቻ ነው። ሃያ እርምጃ።

ያኔ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ከመጀመሪያው ሰው ጀምሬ የሁሉንም ትከሻ እየያዝኩ ሰላም ማለት ጀመርኩ። «እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና?» ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው፣ እንደ አጥር ይዤ።

«ምነው ተማሪው፣ ዛሬ ሰላምታው በዛ!» አለ አንዱ።

«ተራው ሲወሰድበት ዘመድ ሆንን!» አለ ጎረቤታችን። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ጎረቤታችን ተነስቶ ክሱን ተናገረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ እኛ አሸዋ ስንሸከም ይሄ ልጅ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሲያነብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እናቱ ደግሞ ቆቦ ሄደ ብላ ዋሽታለች። ደንቡ ለእኔ ከሠራ ለእሱም ይሥራ!» ሐሰት የለበትም። ሁሉም እውነት ነው። ይህ ነበር የሚያስጨንቀው።

«ተማሪ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ና ፊት ቁምና መልስ ስጥ።»

ለመነሳት ሞከርኩ። በተቀመጥኩበት ሰዓት ውስጥ ጉልበቴ ተቆልፏል። በእጄ መሬቱን ገፋሁ፤ ግማሽ ድረስ ተነሳሁና ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«ሲጠሩህ አትነሳም?»

«እነሳለሁ።»

«ተነሳ እንጂ ታዲያ!»

«አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። አፌ ላይ ደርሳ አልወጣ አለች። በእሷ ፈንታ ሌላ ወጣ፦

«ዱላዬን አቀብሉኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ስብሰባ መሃል ዱላ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን እንኳ እዚያ አልነበረም። የከሰሰኝን ሰው እመታለሁ ማለት ነው።

«ሰማችሁ?» ብሎ ጎረቤታችን ዘሎ ተነሳ። «ሰማችሁ ወይ! ዱላ አለ! በሸንጎ መሃል! ና እስቲ፣ ና!» እያለ ወደ ክምሩ ሮጠ። ሁለት ሰዎች ወገቡን ያዙት። ሌሎችም ተነሱ። ከሴቶቹ በኩል እናቴ ቆማ ስታየኝ አየሁ፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች። እኔ ደግሞ ፈርቼ፣ ላስረዳ የፈለግሁ መስሎኝ፣ ያንኑ ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ፦

«ዱላዬን ብቻ!»

ያን ጊዜ የውሃ አባት ተነሱ። ሳይቸኩሉ ወደ ክምሩ ሄዱ፤ ጎረቤታችንን በእጃቸው ገለል አደረጉት። ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ አስቀመጡና የእኔን አወጡ። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ዞሩ።

«ያንተ የትኛው ነው?»

«ያ ነው። ምን ያደርግልዎታል?»

ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ለሰዉ አሳዩ።

«እዩ። የዚህ ሰውዬ መሃሉ ያብለጨልጫል፤ አንገቱ ላይ ነው የሚውል። ይሄኛው ደግሞ ከአባቱ ወዲህ መሃሉ ደርቋል። ጫፉን እዩት፤ እንደ እርሳስ አልቋል። ወላሂ፣ ሊማታ የሚፈልግ ሰው ዱላውን መሬት ላይ አይጨርሰውም።»

መጥተው ዱላዬን በእጄ አስያዙኝ።

«ተነስ ልጄ። ቀስ እያልክ።»

ተነሳሁ። በአባቴ ዱላ ተመርኩዤ፣ ያን ሁሉ ሰው አቋርጬ፣ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ሳይጠይቁኝ የግራ ሱሪዬን እግር ጠቀለልኩት። «በስመ አብ!» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«ለምን አልተናገርክም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ወንድ አለን ብዬ ነበር።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ጎረቤታችን ብቻ፣ አሁንም ወገቡን እንደተያዘ፣ «ታዲያ እኔ ምን ላውቅ? ሰነፍ መሰለኝ!» አለ።

«እኔም እንዲመስልዎ ነው የፈለግሁት፣ ጋሼ።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ ቢመስልም አላለቀም። የአቅመ ደካሞች መዝገብ በዓመት አንዴ ነው የሚጻፈው፤ የዚያ ዓመት ተዘግቷል። አንዳንዶች «ለሚመጣው ዓመት ይግባ፤ የዘንድሮ ተራው ግን ሄዷል፤ በሸንጎ ፊት ዋሽቷልና» አሉ። ክርክሩ ረዘመ። እኔ ፊት እንደቆምኩ ነበር፤ ማንም ተቀመጥ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በመጨረሻ የውሃ አባት፦

«ተራው የማሳው ነው፤ የሰው አይደለም። ማሳው አልዋሸም። የሚቆምለት ሰው ካለ ውሃውን እሰጠዋለሁ» አሉ።

«ማን ይቆምለታል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሽማግሌው ወደ ጎረቤታችን አገጫቸውን ነቀነቁ። «ከታች ያለው እሱ ነው። መጀመሪያ የላዩን ከፍቶ፣ ሲጠጣ ዘግቶ፣ ወደ ራሱ ይሂድ።»

«እኔ? የእሱን ማሳ እኔ ላጠጣ?»

«ላዩ ሳይጠጣ ወዳንተ የሚያልፍ ውሃ የለኝም።»

ያን ጊዜ ሰዉ ሳቀ። እጅ ወጣ፤ የሚበዛው ተስማማ።

ቤት ስንደርስ እናቴ አላወራችኝም። እራት ከቀረበ በኋላ ብቻ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «እግርህን በሰው ፊት ገለጥክ» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የሸፈንኩትን።» ለሁለት ቀን ከዚህ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ጨው ግን በየጠዋቱ ይሞቅ ነበር።

ደመና ስጠብቅ ሰነበትኩ፤ ያን ጊዜ ግን እውነተኛ ጥበቃ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። ጩኸቱ ከላይ መጣ። ዱላዬን ይዤ ማሳው ዳር ቆምኩ፤ ጎረቤታችን ሱሪውን ሰብስቦ፣ እየተራገመ ገባ። «የደመናው ጌታ! ዛሬ እንኳ ትነግረኝ አልነበረም?» አለኝ። ቦያችንን ከፈተ።

ጎርፉ ደካማ ነበር። ገና ከጅምሩ ታወቀኝ። ውሃው የማሳችንን ላይኛ ግማሽ አለበሰው፤ ወደ ታችኛው ጥግ ሲደርስ ቀጠነ። ጎረቤታችን ወደ ላይ ወደ ወንዙ አየ። ወደ ራሱ ማሳ አየ፤ የእሱም ማሽላ እንደ እኛው ጠውልጓል። አካፋው ላይ ቆመ። አሁን ቢዘጋው ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ የውሃ አባት ከላይ በሌላ ቦይ ነበሩ፣ አያዩም። እኔ ብወርድ ከእሱ ዘንድ እስክደርስ ሁሉም ያልቃል። ጉልበቴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ታችኛው ጥግ አልጠጣም!»

«አይቻለሁ! ዓይን የለኝም እንዴ!»

አካፋውን አነሳ። የሚዘጋ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ዝቅ ብሎ የቦዩን አፍ ወደ ጥጉ እያሰፋ ነበር፤ ጮክ ብሎ እየተራገመ፦ ጎርፉን፣ ደመናውን፣ ተማሪን ሁሉ። ጥጋችን እስኪጠጣ ቆየ። ከዚያ ዘግቶ ወደ ራሱ ሮጠ። የእሱ ማሳ ያን ቀን ያገኘው ከግማሽ በታች ነው።

ሲጨርስ ጭቃ ለብሶ በአጠገቤ አለፈ።

«የሚቀጥለው ጎርፍ መጀመሪያ የእኔ ነው። ሰማህ?»

«ሰማሁ ጋሼ። ለውሃ አባትም እኔው እነግራለሁ።»

«ንገር!»

ማሽላችን አፈራ። የእሱም በሚቀጥለው ጎርፍ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡ ላይ ገባን። ከዚያ ወዲህ ደህና በሆንኩበት ቀን እንኳ ማንም አካፋ አላቀበለኝም፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ከጉልበቴ ይልቅ አሞኛል። ጎረቤታችን እስካሁን «ሰነፉ» እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ሲጠራኝ ደግሞ ቆሞ ይጠብቀኛል። ህመሙ አላለቀም። ይህን ስጽፍ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ተዘርግቷል፤ ነገ ጠዋትም ከመነሳቴ በፊት አዳምጠዋለሁ።

ያን የጎርፍ ቀን ጎረቤታችን ከሄደ በኋላ ወደ ቤት ስመለስ ከፊት ለፊቴ ሦስት ሴቶች ውሃ ቀድተው መጡ። እጄ ዱላውን ሊያነሳ ጀምሮ ነበር። ተውኩት። መሬት ላይ እንዳለ፣ ተመርኩዤው፣ «እንደምን ዋላችሁ» አልኳቸው። እነሱም «እግዜር ይመስገን፣ እግርህ እንዴት ነው?» ብለው አለፉ። መደበቁ ያበቃው በዚያ ቀን ነው፤ ነሐሴ 19 ቀን 1973 ዓ.ም.።